ሣር የምትበላው ቀብድ

ሶጂዳ በማርጊላን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አመላልሳለች። ደብዳቤው፣ ጋዜጣው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአዛውንቶቹ ጡረታ በእጇ ያልፍ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ብስክሌቷን እየገፋች ከደጅ ደጅ ስትዞር፣ ደወሏን የሰማች አሮጊት ሁሉ ሻሿን እያስተካከለች ብቅ ትላለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሳንቲም ጎደለች ያለ ሰው የለም። ብስክሌቷ ሁለት ጊዜ ተሰርቆ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌቦቹ ራሳቸው መልሰው በሯ ላይ አቁመውላት ሄደዋል። የእናቶቻቸውን ጡረታ የምታመጣው እሷ ናት፤ በገዛ ጉሮሯቸው ላይ እንዴት ይቆማሉ?

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሰው ቀብድ ያስቀምጥባት ጀመር። ቤት ሻጭና ቤት ገዢ በዋጋው ከተስማሙ በኋላ የሚጣሉት ቀብዱን ማን ይያዝ በሚለው ነው። ሻጩ ከያዘው ገዢው እንቅልፍ ያጣል። ገዢው ኪስ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ቀብድ አይባልም። ደላላው ከያዘው ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ። መጀመሪያ «ሶጂዳ ኦፓ ዘንድ ይቀመጥ» ያለው ማን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ የለም። አንዱ እንዲያ አለ፤ ሌላው «እውነት ነው፣ ኦፓ፣ ታላቅ እህታችን ከያዘችውማ» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ በቃ፣ ልማድ ሆነ።

ሶጂዳ ለዚህ ሥራዋ ክፍያ አትቀበልም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ታስገድዳለች። ሻጭና ገዢ ግቢዋ ካለው የእንጨት መደብ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና፣ እያንዳንዱ የራሱን ሳይሆን የሌላውን መብት ጮክ ብሎ ይናገራል። ገዢው፣ «እኔ ባፈርስ ቀብዱ የሱ ነው» ይላል። ሻጩ፣ «እኔ ባፈርስ እጥፉን እመልስለታለሁ» ይላል። ያንሾካሾከ እንደገና ይላል።

«ለምን እንዲህ ታደርጊያቸዋለሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ሰው የሚቀበለውን አይረሳም፤ የሚረሳው የሚከፍለውን ነው» ትል ነበር።

በድሮው ገንዘብ ፋንታ ኩፖን የሚባል ወረቀት የወጣበት ጊዜ መጣ። ያ ጊዜ ብር ጠዋት ብር ሆኖ ማታ ወረቀት የሚሆንበት ጊዜ ነበር። በዚያው ጸደይ ጋኒጆን አታ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው ተባለ። «አታ» የሚባለው እንደ አባት ለሚከበር ሰው ነው፤ ጋኒጆን አታ የሐር ሸማኔ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ሚስታቸው ከሞተች ሦስት ዓመቷ። ልጃቸው ታሽኬንት ሆኖ በየሳምንቱ እየደወለ «አባዬ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? እኔ ጋ ና» ይላቸዋል። እሳቸውም በመጨረሻ እሺ አሉ። ቤታቸው የጥንት ቤት ነው፤ የውስጥ ግቢና የውጭ ግቢ ያለው፣ በመሃሉ ወይን የተዘረጋበት።

ገዢ ያመጣላቸው ሶቢት የሚባለው ደላላ ነው። ሶቢት የሻጭን እጅና የገዢን እጅ አያይዞ ሲያወዛውዝ ትከሻ ይነቅላል ይባልለታል። ያመጣው ሰው ኤርጋሽ ይባላል፤ አራት ሴት ልጆች ያሉት፣ ከከተማው ዳር ካለ መንደር የመጣ ገበሬ፣ ሳቂታ፣ ጆሮዎቹ ፀሐይ የጠበሳቸው። ልጆቹ ከተማ እንዲማሩለት ይፈልጋል። ዋጋው በዶላር ተቆረጠ። ዶላሩ ያለው ደግሞ ሳይቤሪያ ድረስ በከባድ መኪና ደረቅ ፍራፍሬ በሚያመላልሰው ወንድሙ እጅ ነው፤ የሚመለሰውም ወይን ሲለቀም ነው። እስከዚያው ቀብድ ያስፈልጋል።

በሶጂዳ መደብ ላይ ሻይ ተቀድቶ ዳቦ ተቆርሶ ተቀመጡ። ኤርጋሽ ከጉያው የኩፖን ክምር አወጣ።

«ይሄን መልሰው» አሉ ጋኒጆን አታ። «ዛሬ በግ የሚገዛው ነገ የበግ መንጃ አርጩሜ አይገዛም። እኔ ይሄን አልቀበልም።»

«ታዲያ ምን ላምጣ፣ አታ? ሌላ ነገር የለኝም።»

ሶቢት ደነገጠ፤ ውሉ ከፈረሰ የደላላው ድርሻም አብሮ ይሄዳል። «በግ የለህም? ምንጣፍ የለህም? አማችህ ወርቅ የላትም?»

ኤርጋሽ ራሱን አከከ። «ላም አለችኝ» አለ።

«ላም ጥሩ ነው» አሉ ጋኒጆን አታ ወዲያው። «ላም አትለወጥም።»

ሶጂዳ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እስቲ ቆዩ። እስከዛሬ እኔ ጋ የተቀመጠ ቀብድ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ነው ያደረው። ሣጥኑ ሣር አይበላም፤ እበትም አይጥልም።»

«ሣሩ በኔ!» አሉ ጋኒጆን አታ። «ከግቢው ጀርባ ያለው አልፋልፋ የኔ ነው። ጠዋት ጠዋት አመጣለሁ። አደራ፣ ሶጂዳ፣ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

አደራ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት አይሆንላትም። ቃሉን አስባለቻቸው። ኤርጋሽ «እኔ ባፈርስ ላሟ የጋኒጆን አታ ናት» አለ። ጋኒጆን አታ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ባፈርስ ላሟን ከሌላ ላም ጋር እመልሳለሁ» አሉ። ሶቢት ሁለቱን እጆች አያይዞ አወዛወዘ፤ ሽማግሌው እስኪያቃስቱ ድረስ።

ላሟ በማግሥቱ መጣች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃ፣ ጎኗ የገባ፣ ዓይኗ ግን ንቁ። የሶጂዳ ምራት ባርኖ በሩን ከፍታ ስታያት ባልዲዋ ከእጇ ወደቀ። ባርኖ የፌርጋና ከተማ ልጅ ናት፤ ፎቅ ቤት ያደገች፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ሙዚቃ የምታስተምር። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ስለዚህ ላሟ የማን ሥራ እንደምትሆን ወዲያው ገባት።

«እማዬ፣ ይቺ ነገር ትናከሳለች?»

«ላም አትናከስም፣ ልጄ። ትራገጣለች።»

«ወተትስ አላት?»

«ለጊዜው ነጥፋለች» አለ ኤርጋሽ ቶሎ ብሎ፣ ግቢው ላይ ወደተዘረጋው ወይን እያየ። ሶጂዳ ያን አስተያየት ልብ አለችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደጅ ላይ የቆመች ሴት፣ ሰው መቼ ወደ ወይን እንደሚያይ ታውቃለች። የላሟን ገመድ ግን ከእጁ ተቀበለች።

በጋው በዚህ ሁኔታ ገባ። ጋኒጆን አታ በየማለዳው የአህያ ጋሪ ሙሉ አልፋልፋ ይዘው ይመጣሉ። አስቀምጠው መሄድ ሲገባቸው አይሄዱም። ከላሟ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ስለ ክር ማቅለሚያ፣ ስለ ድሮ ገበያ፣ ስለ ሟች ሚስታቸው ያጫውቷታል። ላሟ ታመነዥካለች። አንዳንዴ ሶጂዳ ታዳምጣቸዋለች።

«ታሽኬንት ላይ ማን እንዲህ ያዳምጥዎታል?» ትላቸዋለች።

«የልጅ ልጆቼ አሉ።»

«የልጅ ልጆችዎ ቴሌቪዥን አላቸው።»

ሽማግሌው ላሟን አንድ እፍኝ ሣር ያጎርሷታል።

ባርኖና ላሟ ግን አልተስማሙም። ባርኖ በመጥረጊያ ስትቀርብ ላሟ ዞር ትላለች፤ ባርኖ ስትዞር ላሟ በጅራቷ ፊቷን ትጠርጋለች። «ሆን ብላ ነው!» እያለች ትሳደባለች። ሆኖም አንድ ቀን እየጠረገች ሳታስበው ስትዘፍን ላሟ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ባርኖ ለላሟ እየዘፈነች ነው የምታጸዳላት። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ «ዛሬ ምን ይዘፈንልን?» እያሉ ያሾፉባታል።

የወይኑ ዘለላ መፍካት ሲጀምር የላሟ ጎን ሞልቶ ሆዷ ወረደ። ሶጂዳ ጠዋት ላይ እጇን ከጎኗ አሳርፋ ጥቂት ቆየችና ፈገግ አለች። «ይቺ ላም ብቻዋን አይደለችም፤ ስትመጣም ብቻዋን አልነበረችም» አለች።

ዓርብ ዕለት ኤርጋሽ ሊጠይቅ መጣ። ሶጂዳ የላሟን ሆድ ስታሳየው አፉን ከፈተ።

«እንዴት ይሆናል! መካን ናት እኮ!»

ወዲያው አፉን ዘጋ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። የጠቆሩት ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ምን አልክ?»

«ምንም፣ ሶጂዳ ኦፓ።»

«ሰምቼሃለሁ። መካን መሆኗን እያወቅህ ነው ያመጣኸው? የሰው ቤት ለመያዝ?»

ኤርጋሽ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ዓመት አልወለደችም። ልሸጣት ነበር፤ ሥጋዋ እንኳ የሚወደድ አልነበረም። እሳቸው ላም ሲሉ... ዋሽቻለሁ አልልም፤ ግን እውነቱንም አልተናገርኩም። አራት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ኦፓ። ቤቱን እንዳላጣው ብዬ ነው።»

ሶጂዳ ተናደደችም፣ ሳቋም መጣ። «ስማ፣ ኤርጋሽ። እኔ ወሬ አልበትንም፤ እኔ ጋ የተቀመጠ ሁሉ አደራ ነው። ግን ሽማግሌው ሳያውቁ ውሉ እኔ ግቢ ውስጥ አይጨረስም። ወይን ከመለቀሙ በፊት አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ እንዳታኮርፍ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ ኤርጋሽ። ግን ሲወጣ እግሩ ከብዶት ነበር።

ላሟ የወለደችው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ከሙቀት ሸሽቶ ጥላ ውስጥ በተኛበት ሰዓት። ባርኖ ውኃ ልትሰጣት ሄዳ ጮኸች።

«እማዬ! እግር አለው! እግር እየወጣ ነው!»

«ታዲያ ምን እንዲኖረው ፈለግሽ፣ ጎማ?» ሶጂዳ እጅጌዋን እየሰበሰበች ሮጠች። ላሟ ተኝታ ታምጣለች። ሁለት የፊት እግሮች ወጥተው ቆመዋል፤ ጭንቅላቱ ግን እምቢ ብሏል። «ያዢ! አንቺ አንዱን፣ እኔ አንዱን። ስታምጥ ብቻ ሳቢ፤ ሳታምጥ አትሳቢ።»

«እኔ የሙዚቃ አስተማሪ ነኝ!»

«ጥሩ፤ ምቱን ጠብቂ!»

ባርኖ እያለቀሰችና እየሳቀች ሳበች። ጥጃው አንዴ ተንሸራቶ ወጣና ሁለቱ ሴቶች አብረው በቂጣቸው ወደቁ። ሴት ጥጃ፤ እሷም ቦቃ። ባርኖ በገዛ ሻሿ አፍንጫዋን ጠርጋ እፍ አለችባት፤ ጥጃዋ ስታስነጥስ ባርኖ ዕልልታዋን አቀለጠችው። በማግሥቱ እንገሩ በድስት ተፈልቶ ለሰባት ቤት ተከፋፈለ፤ ወግ ነው። ከዚያ በኋላ ላሟን የምታልባት ባርኖ ብቻ ሆነች፤ ሌላ ሰው ሲነካት ወተቷን ትይዛለች።

ጋኒጆን አታ ጥጃዋን አይተው ልጅ እንደተወለደላቸው ሁሉ ተደሰቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ሻንጣ ይዘው ወደ ታሽኬንት ሄዱ፤ የሚኖሩበትን ቤት ዐሥር ቀን ሊለምዱት። በአራተኛው ቀን ሶጂዳ በሯን ስትከፍት ሽማግሌው ጋሪያቸው ላይ አልፋልፋ ጭነው ቆመዋል።

«በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሶጂዳ። በመስኮት ስታዪ የሌላ ሰው መስኮት ነው። መሬት ልረግጥ ስወርድ ልጄ ‹አባዬ፣ ምን ጎደለህ?› ይለኛል። ምን ጎደለኝ ልበለው? ጭቃ ጎደለኝ ልበለው?» ሻይ ሰጠቻቸው። «ቤቱን አልሸጥም። ቃሌን በላሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ቃሌን በላሁ።»

«ሰው ሐሳቡን ይቀይራል፣ አታ። ለዚህ አይደል ቀብድ ያለው?»

«ለዚሁ ነው የምልሽ! እጥፉን መክፈል አለብኝ። ላሟን ከሌላ ላም ጋር ብዬ ተናግሬያለሁ፤ አንቺ ነሽ ጮክ ብለው ይናገሩ ያልሽኝ። ላም የለኝም። የሽመና ዕቃዬን እሸጣለሁ።»

የሽመና ዕቃው የአባታቸው ነበር። ሶጂዳ እንደ እህት «ተዉት፣ ኤርጋሽ ይቅር ይልዎታል» ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የኤርጋሽን መብት በኤርጋሽ ፋንታ መተው የሷ ሥራ አይደለም። «ነገ ሁላችንም እንገናኝ» አለች ብቻ።

በማግሥቱ ያው መደብ ላይ ተቀመጡ። ጋኒጆን አታ ቃላቸውን ማፍረሳቸውን ተናግረው ሲጨርሱ ኤርጋሽ ፊቱ ወረደ። ለአራቱ ሴት ልጆቹ ከተማ እንገባለን ብሎ ነግሯቸዋል።

«ስለዚህ ላሟን ትወስዳለህ፤ ሌላ ላም ደግሞ እኔ እገዛልሃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የሽመና ዕቃዬን የሚገዛ አግኝቻለሁ።»

«አንዴ፣ አንዴ!» ሶቢት ጣልቃ ገባ። «ጥጃዋስ? ጥጃዋ በውሉ ውስጥ የለችም። የማንም ካልሆነች የደላላው ናት።»

«በየትኛው ሕግ?» አለች ሶጂዳ።

«በድካም ሕግ!»

«አንተ ምን ደከምክ? የሳበችው ባርኖ ናት!»

ባርኖ ከኩሽናው በር ሆና «እጄ እስካሁን ያመኛል!» አለች።

ሁሉም ሲስቁ ኤርጋሽ አልሳቀም። ሶጂዳ ዓይኗን ጣለችበት። ኤርጋሽ ቆቡን አወለቀ።

«አታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ላሟን ሳመጣት መካን መስላኝ ነበር። እያወቅሁ ነው ያመጣሁት። እኔ ባፈርስ ኖሮ ለርስዎ የሚቀርልዎት መካን ላም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ጋኒጆን አታ ጢማቸውን ያዙ።

«መካን?» አሉ በመጨረሻ። «ለመካን ላም ነው ያን ሁሉ ሣር ያጨድኩት?»

«አዎ፣ አታ።»

«ያን ሁሉ ወሬ ያወራኋት?»

«አዎ፣ አታ።»

ሽማግሌው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሶጂዳ ሊያለቅሱ ነው ብላ ተነሣች። እየሳቁ ነበር። እንባቸው በጢማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። «ሚስቴ ብትኖር» አሉ፣ «‹የአንተን ወሬ የሰማ መካን እንኳ ይወልዳል› ትለኝ ነበር!»

ያኔ ሶጂዳ ወደ ኤርጋሽ ዞረች። «አንተ ተናገር፤ ውሳኔው ያንተ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ምን አስረህ ሄድክ?»

«አንዲት የማትወልድ ላም።»

«ምን ይዘህ ትሄዳለህ?»

«ላምና ጥጃ።» ኤርጋሽ ቀና አለ። «ሁለቱም በእሳቸው አልፋልፋ የጠገቡ። እጥፉ ተከፍሎኛል፣ አታ። ለእኔ ተከፍሎኛል። የሽመና ዕቃዎን ቢሸጡ ልጆቼ ፊት አልቆምም።»

«ጥጃዋ ከራስህ ላም ነው የወጣችው! ከእኔ ምን ወጣ?»

«ሣሩ ወጣ። ሦስት ዓመት እኔ ጋ ስትበላ ምን ወለደች?»

ሽማግሌውና ገበሬው ጥጃዋን እየተገፋፉ፣ አንዱ «ያንተ»፣ ሌላው «የርስዎ» ሲባባሉ ጥቂት ቆዩ። ሶጂዳ በዚያ መደብ ላይ ሰዎች «የኔ፣ የኔ» እያሉ ሲጨቃጨቁ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ግን አዲሷ ነው። ልቧን ሞቅ አላት።

ሶቢት ብቻ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ተክዟል። «እናንተስ ተመራርቃችሁ ልትለያዩ ነው» አለ። «የኔ ነገርስ? ያን ያህል ቤት ለአንድ ሽማግሌ! የውጭው ግቢ እኮ ራሱን የቻለ በር አለው፤ ሁለት ክፍል አለው፤ ባዶውን አይጥ ይጨፍርበታል። ቢያንስ ግማሹን ሽጡለትና እኔም ግማሽ ድርሻዬን ላግኝ!»

ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«ምን እንዲህ ታዩኛላችሁ?» አለ ሶቢት ደንግጦ።

«ሶቢት» አሉ ጋኒጆን አታ ቀስ ብለው፣ «ከአፍህ ቁም ነገር ወጣ እኮ።»

ኤርጋሽ ከመቀመጫው ተነሥቷል። «የውጭው ግቢ ለእኛ ይበቃናል፤ ይተርፈናልም። ግን ልጆቼ ይጮኻሉ፣ አታ። አራት ናቸው።»

«እኔ ደግሞ ጆሮዬ ከበድ ይላል» አሉ ሽማግሌው። «ልክ ነው የሚሆነው።»

ሶቢት እጃቸውን ሊያያይዝ ሲዘል ሶጂዳ አስቆመችው። «ቆይ! አዲስ ውል ነው፤ አዲስ ቀብድ ይፈልጋል። ያለ ቀብድ እዚህ ቤት እጅ አይጨበጥም።»

«ላሟ እዚሁ ናት» አለ ኤርጋሽ። «ወንድሜ እስኪመጣ ትቆይ። ጥጃዋን እኔ እወስዳለሁ።»

«ጥጃዋን ከእናቷ ለይተህ?» ባርኖ ከኩሽናው ወጣች። «አይሆንም! ሁለቱም ይቆያሉ። ወተቱም ለጥጃዋ ከተረፈው እኔ ድርሻ አለኝ።»

«ይኸው ሌላ ደላላ መጣ» አለ ሶቢት።

ቃሉን እንደገና አስባለቻቸው። በዚህኛው ጊዜ ሁለቱም ማንም ሳያዛቸው ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ።

የኤርጋሽ ወንድም ወይን ተለቅሞ ሳያልቅ ደረሰ። ዶላሩ ተከፈለ፤ ጽሕፈት ቤት ሄደው ውሉን አጸደቁ፤ ሶቢትም የግማሽ ድርሻውን ተቀብሎ እንደ ሙሉ ፎከረበት። ኤርጋሽ ለቤቱ ምርቃት ትልቅ ብረት ድስት ሙሉ ኦሽ ሠራ፤ ሩዙ ላይ ሥጋውና ካሮቱ ተከምሮ። ለሶጂዳ የመጀመሪያውን ሳሕን ራሱ አቀረበላት፤ ላለመቀበል ብትለምንም አልሰማትም።

ላሟና ጥጃዋ ወደ ጋኒጆን አታ ግቢ ሲሄዱ ባርኖ ጥጃዋን አቅፋ አለቀሰች። ሶጂዳ ደግሞ ጸጥ ባለው ግቢዋ ውስጥ ቆማ ሽማግሌው ይቀመጡበት የነበረውን በርጩማ አነሣች፣ መለሰችው፣ እንደገና አነሣችው። ሦስት ቀን ብቻ ነው ጸጥታው የቆየው። በአራተኛው ቀን ኤርጋሽ በሩን አንኳኳ፤ ላሟ ለሚስቱም፣ ለሱም፣ ለማንም ወተት አልሰጥም ብላለች።

ስለዚህ ባርኖ ከትምህርት ቤት በፊት ባልዲዋን ይዛ ወደ ጋኒጆን አታ ግቢ መሄድ ጀመረች። ሶጂዳም አብራት ትሄዳለች፤ ልምድ ነው፣ የማለዳ እግር። ባርኖ እየዘፈነች ታልባለች፤ አራቱ ልጆች ይከተሏታል፤ ትልቋ ከሽመና ዕቃው ፊት ተቀምጣ የክር ቀለም ስም ትማራለች። ጋኒጆን አታ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «በዚህ ቤት ሰው መተኛት አይችልም!» እያሉ በደስታ ይጮኻሉ፤ ሶጂዳም ሻይ ትቀዳላቸዋለች።